በፈረስ እሽቅድምድም ሰዓት ስለተሰበሩ አምስት ጅራቶች

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2025
ማካይ፣ ኩዊንስላንድ

ለተከበሩ ዶክተር ኦድሪ ላንግስታፍ
የወሊድ ሕክምና ላቦራቶሪዎች ተቆጣጣሪ ቦርድ ሰብሳቢ
ብሪዝበን

ጉዳዩ፦ ቦርድዎ «በሁለት ባለሙያዎች ዓይን ተረጋግጧል» ስላለው ሥራ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ ደኅንነት፣ በተለይም ለዓይኖችዎ ብርሃን ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ከእርስዎ ወንበር እስከ እኛ ከተማ ያለው መንገድ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ሳለ እዚህ የሆነውን ሁሉ ከተቀመጡበት ሳይነሱ አይተው ማረጋገጥዎ፣ እንደኔ ላለች በሁለት ክንድ ርቀት ቆማ ላየች ሴት ትልቅ ትምህርት ነው።

ግሌኒስ ኦርፎርድ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት ነው። ስሙን እርስዎ በሚያውቁት ክሊኒክ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ወለል ወልውያለሁ። ትምህርት ቤት የተውኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ሰዎች አንብበው ከጣሉት ነው፤ ቡና የፈሰሰበት የሥራ መመሪያ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የሕክምና መጽሔት፣ በስህተት ሁለቴ የታተመ ገጽ። ላቦራቶሪው ውስጥ ማይክሮስኮፑ የሚያየውን ሁሉ የሚያሳይ ሰፊ ስክሪን በግድግዳው ላይ ስላለ፣ መወልወያዬን ይዤ ቀና ባልኩ ቁጥር ያነበብኩት ነገር ከነነፍሱ ይታየኝ ነበር።

የቅሬታ ቅጽዎ ቀኑንና በቦታው የነበሩትን ሰዎች አስቀድመን እንድናሰፍር ስለሚያዝ፣ ታዝዣለሁ። የአየሩን ሁኔታ የጨመርኩት በራሴ ድፍረት ነው።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5 ቀን 2024 ነበር። ሙቀቱ ሠላሳ አምስት ደርሶ፣ በስተምዕራብ ነጎድጓድ እያጉረመረመ ዝናቡ ግን አልወርድም ብሎ፣ ከሚቃጠለው የሸንኮራ አገዳ የተነሳ ጥቁር አመድ በየመስኮቱ ደፍ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በላቦራቶሪው የነበሩት ባለሙያው አቶ ዴዝሞንድ ኪልጎርና እኔ ነን። ሁለተኛዋ ባለሙያ ወይዘሪት ብሮንዊን፣ እያንዳንዱን እርምጃ ከዴዝሞንድ ጎን ቆማ አይታ መፈረም የሚገባት፣ በሻይ ክፍሉ ነበረች። በማገገሚያው ክፍል ደግሞ በዚያው ጠዋት አምስት እንቁላል የወጣላት ሬሊን ትሬሎር ተኝታለች፤ ባሏ ላይል እግሯን ይዞ ተቀምጧል።

ላይል የአገዳ ማጨጃ ማሽን ነጂ ነው። በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ካንሰር ይዞት፣ መድኃኒቱ ነፍሱን ሲያተርፍለት ዘሩን ግን አድርቆበታል። መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት ዘሩን አንዲት የስክሪብቶ ቀፎ በምታህል ቱቦ ውስጥ በበረዶ አስቀምጦ ነበር። ከዚያች ቱቦ ሌላ በምድር ላይ የላይል ዘር የሚባል ነገር የለም። የዚያን ዕለት ያቀለጧት እርሷን ነው።

አሁን ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ። በመጀመሪያ የማመሰግነው ስለ ሥራው ጭካኔ ነው፤ እርስዎ በበራሪ ጽሑፍዎ ላይ «ረጋ ያለ እገዛ» ብለው ስለጠሩት። ዘሩ ከቀለጠ በኋላ እንደ ማር በወፈረ ፈሳሽ ጠብታ ውስጥ ይደረጋል። በዚያ ውስጥ እየታገለ የሚዋኝ፣ ራሱ ያልጎበጠ፣ አንገቱ ያልተጣመመ፣ በቀጥታ የሚሄደው ይመረጣል። ከተመረጠ በኋላ ሽልማቱ ጅራቱን መሰበር ነው። ባለሙያው ከፀጉር የቀጠነ የብርጭቆ መርፌ ጅራቱ ላይ ያጋድምበትና፣ እባብ በዱላ እንደሚጨፈለቅ፣ ከሳህኑ ወለል ጋር ደፍጥጦ ይጎትተዋል። ዘሩ አንድ ጊዜ ይንዘፈዘፍና ፀጥ ይላል። ከዚያ በጅራቱ በኩል ወደ መርፌው ይመጠጣል። እንቁላሏ በሌላ ቱቦ አፍ ተጨምድዳ ተይዛለች፤ መርፌው ሲገፋት ቆዳዋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ይሰረጉዳል፣ በመጨረሻ ይበጠሳል። ያ የተሰበረው ነገር መሃሏ ላይ ይተፋል። ልጅ የሚጀመረው እንዲህ ባለ ድብደባ ነው፤ እኔም አልተቃወምኩትም፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ተደብድበው ተጀምረው በክሊኒኩ ኮሪደር ሲሮጡ ያየኋቸው ልጆች ብዙ ናቸውና። ጅራቱ ካልተሰበረ የዘሩ ቆዳ አይሳሳም፤ ቆዳው ካልሳሳ በውስጡ ያለው አይወጣም። ይህን ያነበብኩት ቡና በፈሰሰበት ገጽ ላይ ነው።

በዚያው ገጽ ላይ፣ ከቡናው ነጠብጣብ በታች፣ ሌላ ሕግ ነበረ፦ አንዱን ሰብረህ እርሱን ወዲያው ውጋ፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሂድ። ምክንያቱም ጅራቱ የተሰበረ ሕያው ዘርና ከመጀመሪያውም የሞተ ዘር በመልክ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አይንቀሳቀሱም። ማንም፣ እርስዎም ቢሆኑ፣ አይለያቸውም።

ሁለተኛ። ዴዝሞንድ በሞቱ ዘሮች የሬሳ ክምር መካከል ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈልጎ አምስት ሕያዋን አገኘ። ለአምስት እንቁላል አምስት ዘር፤ አንድ ትርፍ የለ፣ አንድ ጎዶሎ የለ። ስክሪኑ ላይ ሲዋኙ እኔም ቆጠርኳቸው። ሰውየው ጎበዝ ሠራተኛ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሰዓቱ ወደ ስምንት ተጠግቶ ነበር፤ በስምንት ሰዓት ደግሞ በሜልበርን አገሩ ሁሉ ሥራ ትቶ የሚያያቸው ፈረሶች ይለቀቃሉ። በኖቬምበር የመጀመሪያ ማክሰኞ በዚያች ሦስት ደቂቃ ሰው ቢሞት እንኳ ቀባሪው የሚጠራው ፈረሶቹ ከገቡ በኋላ መሆኑን ለእርስዎ አላስረዳም፤ የእርስዎም ጽሕፈት ቤት ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ስልክ የሚያነሣ አይመስለኝም። ስለዚህ ዴዝሞንድ ጊዜ ለመቆጠብ አምስቱንም ጅራቶች በተከታታይ ሰባበራቸውና በጠብታው ጠርዝ ላይ በረድፍ ደረደራቸው። አንዱንም ገና አልወጋም።

በዚህን ጊዜ ብሮንዊን የቢጫ ላባ ባርኔጣዋን እንደደፋች ራሷን በበሩ አስገባች።

«ዴዝ! አንተ ሰውዬ፣ ፈረሶቹ በር ላይ ቆመዋል እኮ! ሰባት ቁጥር ፈረስ አይደል በዕጣ የደረሰህ?»

«ትንሽ ጠብቂኝ፤ ልወጋ ነው።»

«ከተለቀቁ በኋላ ምኑን ልታይ ነው? እንቁላል ይሮጥብሃል እንዴ? ፈረስ ነው የሚሮጠው!»

ሳቀ። ሲነሳ ክርኑ የማይክሮስኮፑን እጀታ መታው፤ ሳህኑ ተንቀጠቀጠ። በስክሪኑ ላይ ያ ረድፍ ሲበተን አየሁ፤ በወንፊት ላይ እንደተነፋ እህል፣ አምስቱ ከሙታኑ ጋር ተቀላቀሉ። እርሱ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የቀረነው እኔ፣ መወልወያው፣ እና ከማሞቂያ ሳጥናቸው ወጥተው የሚጠብቁ አምስት እንቁላሎች ነን። ከግድግዳው ወዲያ «ሂድ! ሂድ አንተ ውሻ! ግረፈው!» እያሉ ሲጮሁ እሰማለሁ።

በዘጠነኛው ደቂቃ ተመለሰ፤ ሰባት ቁጥር እንዳላሸነፈ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። ስክሪኑን አየና፣ ረድፉን በነበረበት ጠርዝ ፈልጎ አጣው።  ከዚያ መርፌውን አንስቶ የማይንቀሳቀሱትን፣ እዚህ አንድ እዚያ አንድ እያለ፣ ይለቅም ጀመር።

«ዴዝ፣ እነዚያ አይደሉም» አልኩት።

«ግሌኒስ፣ ወለሉን ጨርሰሻል?»

«ጨርሻለሁ።»

አምስቱን እንቁላሎች አንድ በአንድ ወጋቸው። እያንዳንዷ ስትበጠስ አየሁ። በእያንዳንዷ ውስጥ አንድ ሬሳ ሲቀበር አየሁ።

ሦስተኛ። ከዚያ ቅጹን አመጣልኝ።

«ነይ እስቲ፣ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ። ብሮንዊን ጠጥታለች፤ የጠጣ ሰው አይፈርምም፣ ሕግ ነው።»

«እኔ እኮ ጽዳት ነኝ።»

«ስም ብቻ ነው፣ እህቴ። ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነበርሽ፤ አይተሽ የለ?»

አይቻለሁ። ያየሁትን ሳልጽፍ፣ ማየቴን ፈረምኩ። ጂ. ኦርፎርድ። ሕግ አክባሪነቱን ሳላደንቅ አላልፍም፤ አምስት እንቁላል በሬሳ ከወጋ በኋላ እንኳ የሰከረች ሴት ፊርማ እንዳይገባበት ተጠነቀቀ።

አራተኛ። በማግስቱ ከአምስቱ እንቁላሎች አንዷም እንዳልዳበረች ታወቀ። በሳምንቱ ባልና ሚስቱን ጠርተው ሐኪሙና ዴዝሞንድ ነገሯቸው፤ እኔ የቆሻሻ ቅርጫቱን ለመድፋት ገብቼ ነበር፤ ቅርጫት የምትደፋ ሴት ስትገባ ሰው ንግግሩን አያቋርጥም። ዴዝሞንድ እጆቹን አጣምሮ እንዲህ አለ፦

«እውነቱን ለመናገር ዕቃው ከመጀመሪያውም ደካማ ነበር።»

«ዕቃው?» አለ ላይል። «ዕቃ ነው ያልከው?»

«ናሙናውን ማለቴ ነው። ስናቀልጠው ሕይወት አልነበረውም። የማንም ጥፋት አይደለም።»

«የማንም? እስቲ ድገመው። የማን ነው የሞተው? ዓይኔን እያየህ ድገመው፣ አንተ!»

ደገመው። ያ ነው ስህተቱ። ላይል በሽታው ሃያ ኪሎ የቀነሰው ሰው ነው፤ ልብሱ ከላዩ ላይ እንደ ሌላ ሰው ልብስ ነው የሚንጠለጠለው። ነገር ግን ከጠረጴዛው ላይ ያንን ለማስተማሪያ የተቀመጠውን ከባድ የማህፀን ቅርጽ በሁለት እጁ አንስቶ የዴዝሞንድ አፍ ላይ አሳረፈው። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሌላ ጊዜ። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁ። ዴዝሞንድ ከነወንበሩ ወደቀ። ሐኪሙ ከጠረጴዛው ጀርባ ተሸሸገ። ላይል ግን የሚመታው ሰው ሲያልቅበት ወደ ራሱ ዞረ፤ ግንባሩን ከበሩ መቃን ጋር ያላጋው ጀመር።

«ተው! ላይል ተው! አንተ አይደለህም!» እያለች ሬሊን ወገቡ ላይ ተንጠለጠለች።

«ሬሳ ነው ይለኛል እኮ! ውስጤ ሬሳ ነው ይለኛል!»

እኔ በሩ ላይ ቅርጫቴን አቅፌ ቆሜ ነበር። «አምስት ነበሩ፣ ሕያዋን ነበሩ» ለማለት አራት ቃል ይበቃኝ ነበር። አላልኩም። ፖሊስ ወሰደው። እኔ ደሙን አጠብኩ፤ ደም በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚለቀው፣ በሙቅ ይጋገራል። ከዴዝሞንድ ጥርሶች አንዱን ከካቢኔው ሥር በመጥረጊያ አውጥቼ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ሁለተኛውን የወለቀ ጥርስ አላገኘሁትም። እርሱ አሁን አዲስ ጥርስ አስተክሎ ሥራው ላይ ነው፤ በመርፌው ጅራት እየሰበረ ነው፤ ደኅና ነው ብዬ ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ።

አምስተኛው ቅሬታዬ ስለ እርስዎ ስለሆነ በታላቅ ትሕትና አሳጥረዋለሁ። ባልና ሚስቱ ለቦርድዎ አቤት ሲሉ፣ ቦርድዎ በፌብሩዋሪ ወር የላከላቸው፣ እኔም ቅጂውን ከክሊኒኩ የወረቀት ቅርጫት ያገኘሁት ወረቀት «ሥራው በሁለት ብቁ ባለሙያዎች፣ በዲ. ኪልጎርና በጂ. ኦርፎርድ፣ ዓይን ተረጋግጧል፤ የናሙናው ደካማነት ካልሆነ በቀር ጉድለት አልተገኘም» ይላል። ትምህርቴን በአሥራ አራት ዓመቴ ላቋረጥኩት ለእኔ ይህ ማዕረግ ምን ያህል እንዳኮራኝ በቃል አልገልጸውም። ወረቀቱን የኪራይ ቤቴ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው አስቤ ነበር። የከለከለኝ፣ ዐቃቤ ሕግ ያንኑ ወረቀት ዓርብ በችሎት እንደሚያነበው መስማቴ ነው፤ ላይል ትሬሎር ያለ አንዳች ምክንያት ሰው ማቁሰሉን ለማስረዳት። ጠበቃው ለሬሊን «እስር አይቀርለትም» ብሏታል። ሬሊን ያንን ስትነግረው፣ ላይል ችሎት ፊት ጥፋተኛ ነኝ ሊል መወሰኑን ከተማው ሁሉ ያወራል፤ «ዘሬ ሞቶ ሳለ ሰው መታሁ፤ ልክ ናቸው» ይላል አሉ።

ልክ አይደላችሁም፣ ክብርት ሆይ።

በማርች ወር ሦስት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ። ለመጀመሪያው ደብዳቤዬ ስለ ትዕግሥቴ አመሰገኑኝ። ለሁለተኛው፣ በአገልግሎታችሁ ምን ያህል እንደረካሁ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ እንድሰጥ ጠየቁኝ፤ ሰጥቻለሁ። ለሦስተኛው፣ ቅሬታ ማቅረብ የሚችሉት ታካሚ ወይም ባለሙያ ብቻ በመሆናቸው፣ እኔም የጽዳት ሠራተኛ በመሆኔ፣ ፋይሉ መዘጋቱን ገለጹልኝ። እንግዲህ በፌብሩዋሪ ብቁ ባለሙያ የነበረችው ጂ. ኦርፎርድ በማርች ወለል ወልዋይ ሆና ወረደች ማለት ነው። በአንድ ወር ውስጥ ይህን ያህል ርቀት የወደቀ ሰው ቢያንስ አጥንቱ ይመረመርለት ነበር።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዓርብ በፊት ያንን ወረቀት ያንሱት፤ በምትኩ እውነቱን ይጻፉ፦ አምስት ሕያዋን ነበሩ፤ ባለሙያው ሰብሯቸው ጥሏቸው ሄደ፤ በቦታቸው ሙታን ተወጉ። ሬሊን ሌላ እንቁላል ሊወጣላት ይችል ይሆናል። ላይል ሌላ ዘር የለውም። ልጅ አታመጡለትም፤ ያ አልፏል። ግን ሰውየውን፣ የራሱ ሥጋ እንደከዳው አድርጋችሁ ነግራችሁ፣ በዚያ ላይ ወኅኒ አትላኩት።

ስለ ራሴ አንዲት ቃል አልከራከርም። ለባልና ሚስቱ አምስት ወር ሙሉ ሳልነግራቸው የቀረሁት እንጀራዬን ፈርቼ ነው። ሰው ሲሰበር ቆሜ አይቻለሁ፣ በዚያም ላይ ፈርሜያለሁ። የሚቀጣ ሰው የሚልኩልኝ ከሆነ አድራሻዬ ከታች አለ፤ ደወሉ አይሠራም፣ በሩን በኃይል ይምቱት።

ወለልዎ ሁልጊዜ የጸዳ፣ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እስከ ዛሬ እንደነበረው የከበደ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በአንድ ወረቀትዎ ከፍ ያደረጉኝ በሌላው ያዋረዱኝ፣ በሁለቱም ግን ያው የሆንኩ፣ ትሑት አገልጋይዎ፣

ግሌኒስ ኦርፎርድ
የቀድሞ ብቁ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለከተማው ጋዜጣ፣
ለማካይ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፣
ለላይል ትሬሎር ጠበቃ።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ቦርድዎ ደብዳቤ እስኪከፍት ሰው እንደሚያረጅ ስለማውቅ፣ መልስዎን ሳልጠብቅ ሐሙስ ጠዋት ያደረግሁትን ከዚህ በታች መዝግቤያለሁ፤ ለፋይልዎ ይጠቅም ይሆናል።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። የዚህን ደብዳቤ ሦስት ቅጂ በጋዜጣው በር ሥር፣ በፍርድ ቤቱ ሣጥንና በጠበቃው ቢሮ አስገባሁ። ከዚያ መኪናዬን አስነሥቼ በአገዳው መሃል እነ ላይል ወደሚኖሩባት ወደ ሳሪና ነዳሁ። አንድ ሰዓት ላይ የእነ ላይልን በር አንኳኳሁ። የከፈተችው ሬሊን ናት፤ ለሥራ ለብሳ፣ ፀጉሯ ገና እርጥብ ነበር።

«ግሌኒስ ኦርፎርድ ነኝ» አልኳት።

«ጂ. ኦርፎርድ? የላቦራቶሪዋ?»

«ጽዳት ነኝ። የፈረምኩት እኔ ነኝ። አምስት ነበሩ፣ ሬሊን። አምስቱም ይዋኙ ነበር። ሰብሯቸው ፈረስ ሊያይ ሄደ፤ ሲመለስ የወጋው ሙታኑን ነው። አይቻለሁ። አልተናገርኩም።»

በጥፊ መታችኝ። መነጽሬ ወደቀ። ላነሣው ጎንበስ ስል በጡጫ ጆሮዬ ላይ ደገመችኝ፤ በጉልበቴ ተንበረከኩ፤ ፀጉሬን ይዛ ራሴን ከበሩ ጋር አጋጨችው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። እጄን አላነሣሁም። «አምስት ወር! አንቺ አሮጊት፣ አምስት ወር! በየማታው ነው የሚያለቅሰው!» ትላለች። ከንፈሬ ተሰንጥቆ ደሙ በረንዳቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ከውስጥ የላይል ድምፅ መጣ። «ሬሊን? ምንድን ነው? ማን ነው?»

ፀጉሬን ለቀቀችኝ።  ከዚያ ክንዴን ይዛ ጎትታ አነሣችኝ።

«ያየች ሰው ናት» አለችው። «ግቢ። ለእኔ አይደለም፣ ለእርሱ ንገሪው። ሁሉንም። አንዱንም እንዳታስቀሪ።»

ላይል በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ፣ ለነገው ችሎት የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ከፊቱ ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። አልተቀመጥኩም። ከአምስቱ ከመጀመሪያው ዘር ጀመርኩለት፤ ከጠብታው ግራ ጠርዝ በኩል መጥቶ፣ በዚያ ማር በመሰለ ፈሳሽ ውስጥ ራሱን እየነቀነቀ፣ አንድም ጊዜ ሳይቆም፣ የስክሪኑን ወርድ ከዳር እስከ ዳር እንዳቋረጠ ነገርኩት።